ጣሪያውን ትቀይራለህ?

የሐምሌ ዶፍ ሲወርድ ሰፈራችን ውስጥ ጣሪያ የማይቀይር አባወራ የለም። በአፉ ነው ታዲያ። «መስከረም ይጥባ እንጂ ይህን ቆርቆሮ ነቃቅዬ ነው የምጥለው!» ይላል፣ የሞላውን ሳፋ እያነሳ ባልዲ እየተካ። መስከረም ሲጠባ በቀዳዳው ፀሐይ ይገባል፤ ሰውየውም የመብራት ወጪ ቀነሰልኝ ብሎ ይተወዋል።

ጎረቤት ግን አይተወውም።

«የእናንተ ቤት ከማፍሰሱ የተነሳ ዝናብ ሲጥል ልጆቻችሁ ደጅ ወጥተው ነው የሚጠለሉት!»

«የእናንተስ? ቆርቆሮው ከመሳሳቱ የተነሳ ርግብ ስታርፍበት ኮርኒሱ ‹ማነው?› ይላል!»

ሳቁና ወደ ሱቅ ሂዱ። «ስንት ጌጅ?» ትባላላችሁ። 35 ከ28 ይበልጣል ያለ ጉድ ፈላበት፤ ቁጥሩ ሲያድግ ቆርቆሮው ይሳሳል። 35ቱን በርካሽ የሸመተ ሰው በረዶ ሲጥል ከሚስቱ ጋር በምልክት ነው የሚያወራው። ዋጋው ለምን ናረ ካላችሁ፣ የብረቱ ጥቅል ከውጭ በዶላር ይገባል፤ የምንዛሪ ተመኑ በሐምሌ 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ቆርቆሮም ቀና ብሎ ነው የሚሄደው።

ወጪው ቆርቆሮው ብቻ የሚመስለው ደግሞ የዋህ ነው። አናጢው ጠርዙን ገለጥ አድርጎ ማገሩን በመዶሻ እጀታ መታ መታ ሲያደርገው ዱቄት ይዘንባል።

«ጋሼ፣ እንጨቱ እኮ ቆርቆሮውን አልተሸከመም። ቆርቆሮው ነው እንጨቱን አንጠልጥሎ የያዘው።»

«ስንት ይፈጃል ታዲያ?»

«ካልነካነው ርካሽ ነው።»

«ምስማር ጉብታው ላይ አይደል የሚመታው? ውሃ መውረጃው ላይ የመታው ማን ነው?»

«እሱማ ያኔ በርካሽ ያገኙት አናጢ ነዋ!»

የቀበሌ ቤት ተከራይ ጉዳይ ለብቻው ነው። ከአዋጅ 47/1967 ወዲህ ቤቱ የመንግሥት፣ ፍሳሹ የተከራዩ ሆኗል። የእድሳት ፈቃድ ሲጠባበቅ ኮሪደር ልማት ከቀደመው፣ ተረበኛው ከበሩ ላይ ይቀበለዋል፦ «እንኳን አልቀየርክ! ለዶዘር አዲስ ኮፍያ ልትገዛለት ነበር?»

እንግዲህ ፍርዴ ይኸው። ቤቱ የራሳችሁ ከሆነ አናጢ ሥራ በሚፈታበት ሳይሆን ሰማይ በሚጠራበት በጥር ቀይሩ፤ ከ30 በላይ ቁጥር አትንኩ፤ አሮጌውን ለቁራሌው አትስጡት፣ አጥር ይሆናል። የቀበሌ ከሆነ ደህና ሳፋ ግዙ። ሳፋ ቤት ሲፈርስ አብሯችሁ ይሄዳል።