የትኛው መንግሥቱ?

«መንግሥቱ» ሲባል ለብዙ ሰው የሚታየው ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ብቻ ነው፤ በሚያዝያ 1969 አብዮት አደባባይ ላይ ቆሞ ቀይ ፈሳሽ የሞላ ጠርሙስ ሲከሰክስ። ስሙ ግን የኮሎኔሉ የግል ርስት አይደለም። ይህን ከጃንሆይ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። በታኅሣሥ 1953 ብራዚል ሳሉ የክብር ዘበኛቸው አዛዥ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ መፈንቅለ መንግሥት ሞከረባቸው፤ መጋቢት ላይ ተሰቀለ። ዓመት ሳይሞላ፣ በጥር 1954፣ የቅዱስ ጊዮርጊሱ መንግሥቱ ወርቁ በአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ጭማሪ ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል ግብፅ ላይ አራተኛዋን ጎል አገባ። ስታዲየሙ «መንግሥቱ! መንግሥቱ!» ብሎ ጮኾ ከነበረ፣ ክብር ትሪቡን ላይ ማን ማን ደንገጥ እንዳለ መገመት አያስቸግርም። ጃንሆይ ግን ዋንጫውን ለአምበሉ ለሉቻኖ ቫሳሎ በደስታ ሰጡ። ደግሞ ጸሐፌ ተውኔቱ መንግሥቱ ለማ አለ፤ እሱ በ«ጠልፎ በኪሴ» ሰውን ከማሳቅ በቀር ዙፋን ላይ ዓይኑን አልጣለም። ያኔ ገና ስሙ ያልተሰማው አንድ መኮንን ግን በ1967 ከጓዶቹ ጋር ዙፋኑን ገለበጠ፤ በ1983 ሐራሬ ገባ።

እንግዲህ ልጆች «መንግሥቱ ወርቁ የትኛው ነው?» ሲሉ መልሱ ቀላል ነው፤ ጨዋታው ሳያልቅ ከሜዳ ያልወጣው።