የሴራሚኩ ቀለም ለጊዜው ይቆይ፦ ከሚኒሶታ ወደ አጋርፋ የተላከ ደብዳቤ

ይድረስ፦ በባሌ፣ አጋርፋ ለሚገኙት የላኪው ወላጆች፣ እንዲሁም ደብዳቤውን ለቤተ ሰቡ ጮክ ብለው ለሚያነቡትና የፊደል ግድፈት ሲያገኙ በቀይ እስክሪብቶ አርመው ለሚመልሱት ጡረተኛው መምህር፣ ለላኪው አጎት።

የላኪው ጤና ከጉልበቱ በስተቀር ደኅና መሆኑን በማስታወቅ፣ ይህ ጽሑፍ ወደ ቀረበለት ጥያቄ በቀጥታ ያልፋል። ጥያቄው በግቢው ውስጥ ሊሠራ ለታሰበው መታጠቢያ ቤት ነጭ ሴራሚክ ይሻላል ወይስ ሰማያዊ የሚል ሲሆን፣ በዚህ ረገድ እናቱ ነጩን፣ አባቱ ደግሞ «ቆሻሻ የማያሳየውን» እንደመረጡ ታውቋል። ይሁን እንጂ ላኪው በሚኒሶታ የሚገኘውን የቤቱን አሮጌ መታጠቢያ በገዛ እጁ አፍርሶ እንደ አዲስ የሠራ በመሆኑ፣ የቀለም ጉዳይ የሥራው የመጨረሻ ምዕራፍ እንጂ የመጀመሪያው እንዳልሆነ ለማስረዳት ይገደዳል።

እናቱ «ሠራተኛ ጠፍቶ ነው ወይ ልጄ ተንበርክኮ የሚውለው?» ብለው ማዘናቸው ስለ ተሰማ፣ አስቀድሞ ይህ ይብራራ። ሠራተኛ ሞልቷል፤ ነገር ግን በዚያ አገር የእጅ ዋጋ ከዕቃው ዋጋ ስለሚበልጥ፣ መካከለኛ ኑሮ ያለው ሰው በሰንበት ቀን ግንበኛ፣ ቧንቧ ሠራተኛና ለሳኝ ሆኖ መዋሉ የተለመደ ነው። በአጋርፋ ቤት ሲመረግ ደቦ ተጠርቶ፣ ወጣቱ ጭቃ ረግጦ፣ ሴቶቹ ውሃ ቀድተው፣ ሽማግሌው ጥላ ሥር ተቀምጠው «እዚያ ጋ ሳሳ» እያሉ የሚያርሙት ሥራ፣ በሚኒሶታ የአንድ ሰው የግል ጣጣ ይሆናል። የሽማግሌውን ቦታ የሚተካው ከከተማው አስተዳደር የሚላክ ተቆጣጣሪ ሲሆን፣ እርሱም ግድግዳው ከመዘጋቱ በፊት ቧንቧዎቹን ተመልክቶ ወረቀት ላይ ፈርሞ ይሄዳል፤ ቡና ቢቀርብለትም አይቀመጥም። ይህ በባሌ ዓይን ቅሬታ የሚያስነሣ ጠባይ ቢሆንም፣ በዚያ አገር የሥራ ሥነ ምግባር ይባላል።

ቤቱ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግሥት ከተሠሩት አንዱ እንደ መሆኑ፣ መዶሻ ከመነሣቱ በፊት ሁለት ነገሮች ሊጣሩ ይገባ ነበር። አንደኛው እርሳስ የተባለው ብረት ያለበት ቀለም ሲሆን፣ በአሜሪካ ለመኖሪያ ቤት እንዳይውል የታገደው እ.ኤ.አ. በ1978 ስለሆነ ከዚያ በፊት የተቀባ ግድግዳ ሁሉ ይጠረጠራል። ሁለተኛው አስቤስቶስ ነው፤ ይኸውም እሳት የማይበግረው፣ ብናኙ ግን ሳንባ ውስጥ ገብቶ ከብዙ ዓመት በኋላ ካንሰር ሊያመጣ የሚችል ከማዕድን የሚገኝ ቃጫ ሲሆን፣ በየጎናቸው 23 ሴንቲ ሜትር ያህል በሆኑ አሮጌ የፕላስቲክ ወለል ንጣፎች ውስጥ ብዙ ጊዜ ይገኛል። ናሙናው ላቦራቶሪ ደርሶ «ነጻ ነው» እስኪባል ድረስ ላኪው በራሱ ቤት ውስጥ እግሩን እየመረጠ ሲራመድ ሰንብቷል።

ግድግዳው ሲከፈት የተገኘው ግን ከሁለቱ አንዱም አልነበረም። ከባለ መስታወቱ የመድኃኒት ሣጥን በስተጀርባ፣ በሁለት ቋሚ እንጨቶች መካከል፣ እርስ በርሱ በዝገት የተጣበቀ የጢም መላጫ ምላጭ ክምር ተቀምጦ ነበር። አባቱ ይህን ሲሰሙ የመተት ሥራ ነው ብለው እንዳይደነግጡ፣ ነገሩ እንደሚከተለው ይገለጻል፦ በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በተሠሩ ብዙ የአሜሪካ ቤቶች የመድኃኒት ሣጥን ጀርባ ላይ ቀጭን ቀዳዳ ይበጅ ነበር፤ ሰው የተላጨበትን ምላጭ በዚያ ሲከት ምላጩ ግድግዳው ውስጥ ወርዶ ይቀራል፣ የሚያወጣውም አይታሰብም ነበር። ሰውን ጨረቃ ላይ ያሳረፈ አገር ለአሮጌ ምላጭ ያገኘው መፍትሔ ይህ መሆኑ አንባቢውን ሳያጽናና አይቀርም።

ከምላጩ ይልቅ ለአጋርፋ የሚጠቅመው ከመታጠቢያው ገንዳ በላይ ያለው ግድግዳ ጉዳይ ነው። ሴራሚኩ ፊት ለፊት ሲታይ ያብረቀርቃል፣ አንድም ስንጥቅ የለበትም፤ ከቧንቧው እጀታ አጠገብ በአውራ ጣት ሲጫኑት ግን እየሰመጠ ይመለሳል። ሲነቀል የታየው፣ በስተጀርባው ያለው ጂፕሰም ቦርድ፣ ማለትም በሁለት ወፍራም ወረቀቶች መካከል የረጋ ጂፕሰም ሰሌዳ፣ ለዓመታት ውሃ ጠጥቶ በጣት የሚቆረስ ጥቁር ሊጥ መሆኑ ነው። ምክንያቱም ቀላል ነው፦ የሴራሚክ ንጣፉ ውሃ ባያሳልፍም፣ በንጣፍና በንጣፍ መካከል ያለው ክፍተት የሚሞላበት ስሚንቶ ግን ቀስ እያለ ያሳልፋል። ስለዚህ ሴራሚክ የግድግዳው ልብስ እንጂ የዝናብ ካፖርቱ አይደለም። ካፖርቱ ከሥሩ የሚቀባው ውሃ የማያሳልፍ ሽፋን ሲሆን፣ እርሱም እንደ ቀለም በሮለር ተቀብቶ ሲደርቅ የጎማ ቆዳ የሚያወጣ፣ ሁለት ጊዜ ተደርቦ በማዕዘኖች ላይ በጨርቅ የሚጠናከር ነው። ዋጋው ከሴራሚኩ ያነሰ ሲሆን፣ ሥራው ሲያልቅ ስለማይታይ ማንም እንግዳ አያደንቀውም፤ ብዙ ሰው የሚዘለውም በዚህ ምክንያት ይመስላል።

ስለ ማጣበቂያው ደግሞ፣ ቀድሞ ሴራሚክ የሚለጠፈው ብዙ ሴንቲ ሜትር በሚወፍር የአሸዋና የስሚንቶ ልስን ላይ ነበር። ስሱ ማጣበቂያ፣ ማለትም ስሚንቶ፣ ደቃቅ አሸዋና የላስቲክነት ባሕርይ የሚሰጥ ቅመም ያለበት ድብልቅ የተስፋፋው እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ወዲህ ሲሆን፣ በ1956 ላቲክሬት የተባለውን ኩባንያ የመሠረተው አሜሪካዊው ሄንሪ ሮዝበርግ በዚህ ሥራ ስሙ ይነሣል። ጭድ ጭቃውን ከመሰንጠቅ የሚያግደውን ያህል፣ ይህ ቅመም ስሚንቶውን ከመላቀቅ ያግደዋል። ለምርግ የሚሆነው ጭቃ ለቀናት ቢቦካም፣ ይህኛው ተበጥብጦ 10 ደቂቃ ያህል ካረፈ በኋላ እንደገና ይማሰላል፤ ማረፉን የናቀ ሰው ቅመሙ በወጉ ሳይሟሟ ይለጥፋል። ከዚያ በጥርሳም ማስተካከያ፣ ማለትም ጠርዙ እንደ መጋዝ በተከረከመ ብረት፣ ቀጥ ያለ ትልም እስኪያወጣ ይታረሳል። ሴራሚኩ ተጭኖ ትልሙን አቋርጦ ወዲህና ወዲያ ሲንቀሳቀስ ትልሙ ወድቆ አየር ይወጣል። በአሜሪካ የሙያ መመዘኛ መሠረት በእርጥብ ቦታ ከሴራሚኩ ጀርባ ቢያንስ 95 ከመቶው ማጣበቂያ ሊነካው ይገባል፤ ይህንንም ለማረጋገጥ በየመካከሉ አንዱን ገልብጦ ማየት ያስፈልጋል። በአራት ማዕዘን አራት እፍኝ ስሚንቶ አድርጎ መሐሉን ባዶ የሚተው ባለሙያ፣ በባሌም ይሁን በሚኒሶታ፣ በጣት ጀርባ ሲንኳኳ ከበሮ የሚሰማ ግድግዳ አስረክቦ ሂሳቡን ይወስዳል።

ውሃ ልክን በተመለከተ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ አጎቱ በዚህ ጉዳይ ከማንም የበለጠ ጥብቅ ናቸው። ግድግዳና ወለል የሚገናኙበት ማዕዘን ግን በስሚንቶ ሳይሆን በሲሊኮን፣ ማለትም ደርቆም በሚለጠጥ ሙጫ፣ ሊሞላ ይገባል፤ ሁለቱ ገጾች በሙቀትና በብርድ ለየብቻ ስለሚንቀሳቀሱ ስሚንቶው ውሎ አድሮ መሰንጠቁ አይቀርም።

ይህ ሁሉ ወደ አጋርፋ ሲመለስ የሚከተለው ይታሰብበት። ሴራሚኩ ከሐዋሳው ታቦር ፋብሪካም ይሁን ከውጭ የመጣ፣ በሻሸመኔ፣ በዶዶላ፣ በአዳባና በዲንሾ በኩል ሮቤ፣ ከዚያም አጋርፋ እስኪደርስ በመኪና ሲንገላታ ስለሚውል፣ ከልኩ በላይ አንድ አሥረኛ ያህል ተጨምሮ፣ ሁሉም ከአንድ ምርት ተራ መሆኑ በካርቶኑ ላይ ታይቶ ይገዛ፤ በኋላ የሚጨመረው ቀለሙ ትንሽ መለየቱ የማይቀር ነውና። የባሌ ደጋ በበጋ ሌሊት ውርጭ ስለሚጥልና ስሚንቶ ከ5 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ለመጠንከር እጅግ ስለሚያዘግም፣ ሥራው ረፋድ ላይ ተጀምሮ ማታ በማዳበሪያ ጆንያ ይሸፈን። ወለሉ ወደ ፍሳሽ መውጫው በየሜትሩ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ይዘቅዝቅ። ለወለል የሚያብረቀርቅ ሴራሚክ በፍጹም አይገዛ፤ እናቱ በቀን አምስት ጊዜ ውዱእ አድርገው በእርጥብ እግር የሚወጡት በዚያው ላይ ነውና፣ ሸካራው ይመረጥ። ይህን ካከበሩ ግድግዳውን ነጭ ማድረግ የእናቱ ሙሉ ሥልጣን ሲሆን፣ አባቱ ስለ ቆሻሻ ያነሡት ሐሳብ ለወለሉ እንደ ጸና ይቆጠራል።

ገንዘቡ በሁለት ዙር ይላካል። የመጀመሪያው ለመሠረቱ፣ ለፍሳሹና ለማይታየው ሽፋን ሲሆን፣ ሁለተኛው የሴራሚኩ ሂሳብ የሚለቀቀው አጎቱ የውሃ ፈተናውን አይተው በስልክ ካረጋገጡ በኋላ ነው። ፈተናው እንዲህ ነው፦ ሽፋኑ ከደረቀ በኋላ የፍሳሹ አፍ ተደፍኖ ወለሉ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ውሃ ይሞላል፣ የውሃው ከፍታ ግድግዳው ላይ በእርሳስ ይሠመራል፣ ከ24 ሰዓት በኋላ መስመሩ ይመረመራል። አባቱ «ሴራሚክ የሌለው ወለል ላይ ውሃ የሚያፈስ ምን ዓይነት ሰው ነው?» ማለታቸው የሚጠበቅ ቢሆንም፣ መልሱ ከላይ በጂፕሰሙ ጉዳይ ተሰጥቷል። ሠፈርተኛው ነገሩን ለማየት መምጣቱ ስለማይቀር ቡና ይፈላ፣ የሚመጣው ሰው ግን ከበሩ መለስ ብሎ ይመልከት፤ ፀሐይ የውሃውን ከፍታ ዝቅ አድርጋ አጎቱን እንዳታሳስት ወለሉ በላስቲክ ይሸፈን፤ ዶሮዎቹም ጠጥተው ፈተናውን እንዳያበላሹ በሩ ይቀርቀር።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
ልጃችሁ፣ ከሚኒሶታ