ዓባይ በረሃ ላይ የቀረው ስብሰባ

የክፍል ተጠሪነት ከውጭ ለሚያየው ሹመት ይመስላል። ነርሲንግ ስንማር ግን ሥራው የአታችመንት (የሆስፒታል ልምምድ) ድልድል መለጠፍ፣ የጓንት ካርቶን ከስቶር ፈርሞ ማውጣት፣ መምህር ሲቀር ቢሮ ለቢሮ መፈለግ፣ የሌሊት ተረኞች ሲጋጩ መሐል መግባት ነው። ሦስተኛ ዓመት ላይ ይህ ሥራ ለእኔ ደረሰኝ፤ ወደድኩትም። ሁሉም ድርሻውን ሲያውቅ ዋርዱ እንዴት እንደሚረጋጋ፣ አስታማሚ እንኳ ድምፁን እንዴት ዝቅ እንደሚያደርግ ያየሁት ያኔ ነው።

በዚያው ዓመት ግንቦት መጀመሪያ፣ የነርሶች ቀን ሊከበር ሰሞን፣ አዲስ አበባ ውስጥ በሚካሄድ የሙያ ስብሰባ ላይ ተማሪዎችን እንድወክል ተመረጥኩ። አንድ መምህራችን «ትልልቅ ሰዎች ይመጣሉ፤ ተዋወቂ፣ ስልክ ተቀበይ» ብለው ሸኙኝ። ያን ጊዜ ብዙዎቻችን የሙያ ትውውቅ የምንፈልገው ለቅጥር ነበር። ተመርቆ ቤት መቀመጥ ያስፈራናል፤ ፍርሃቱም ያለ ምክንያት አልነበረም። የምጠይቃቸውን ጥያቄዎች በወረቀት ጽፌ፣ ጋውኔን አጥቤ ተኩሼ፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከባሕር ዳር ተነሣሁ።

እስከ ደጀን መንገዱ ሰላም ነበር። ቁልቁለቱን ወርደን ድልድዩን ተሻገርን፤ ወደ ጎሐ ጽዮን የሚወስደውን ዳገት ስንያያዘው ግን ሞተሩ ጋለ፣ ጭስ ለቀቀ፣ ቆመ። የግንቦት ቀትር ዓባይ በረሃ ውስጥ ምን እንደሚመስል ያለፈበት ያውቀዋል። ጥላ የለም፣ ስልክ ሲገኝ ሲጠፋ ነው፤ ሾፌሩና ረዳቱ ሞተሩን ከፍተው ያወራሉ። ከተሳፋሪው ገሚሱ ወረደ፣ ገሚሱ ሙቀቱን ታግሦ ተቀመጠ።

ከፊቴ የተቀመጡ እናት ነገር መቀላቀል ጀመሩ። ልጃቸውን በሌላ ሰው ስም ይጠራሉ፤ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። አንዱ «ሙቀቱ ነው፣ ውሃ አፍስሱባቸው» ይላል፤ ሌላዋ ጸበል ከቦርሳዋ ታወጣለች። ግንባራቸውን ዳሰስኩ። በዚያ ሙቀት ያላላበው አልነበረም፤ የእሳቸው ላብ ግን ቀዝቃዛ ነበር። «እማማ ስኳር አለባቸው?» አልኩ። ልጃቸው «አለባት፤ ሌሊት ስንነሣ መርፌዋን ተወግታለች» አለች። ደብረ ማርቆስ ለቁርስ ስንወርድ ደግሞ እናቲቱ ምሳ ጎሐ ጽዮን እበላለሁ ብለው ከወንበራቸው አልተነሡም ነበር። ኢንሱሊኑ ሥራውን ይሠራል፤ ምግቡ የለም። የደም ስኳር ከ70 ሲወርድ እንዲህ ያንቀጠቅጣል፤ ከዚያም ሲወርድ ራስን ያስታል።

«ስኳር ያለው ነገር አምጡ» ብዬ ጮኽኩ። ሰው ሁሉ ተነሣ፤ ሁሉም መተላለፊያው ላይ ቆሞ ተያየ። ይኼኔ ከኋላ ነጠላ የለበሱ አንዲት ባልቴት «ማንም እንዳይጮህ» አሉ። ድምፃቸው ከፍ አላለም። በጣታቸው እያመለከቱ ቀጠሉ፦ «አንተ ሰማያዊ ሸሚዝ የለበስከው፣ ያንን መስኮት ክፈት። አንቺ፣ የልጅሽን ሚሪንዳ ስጪኝ፣ እተካለታለሁ። ረዳት፣ መተላለፊያው ላይ የቆመውን ሁሉ አስወርድልኝ።» ወደ እኔም ዞረው «አንቺ ማነሽ?» አሉኝ። «የነርሲንግ ተማሪ ነኝ።» «እንግዲያው መዋጥ መቻላቸውን አይተሽ በትንሽ በትንሹ አጠጫቸው፤ ሰዓትሽንም ያዢ።»

ግማሽ ጠርሙስ ያህል ጠጡ። ሕጉን ከመጽሐፍ አውቀው ነበር፦ 15 ግራም ስኳር፣ 15 ደቂቃ መጠበቅ፣ ካልተሻለ መድገም፣ ሲነቁ ደግሞ ምግብ ማብላት። ደቂቃው ሳይሞላ እናቲቱ የልጃቸውን ስም በትክክል ጠሩ። አንድ ሰው ዳቦ አመጣ። ባልቴቷ ዳቦውን ቆርሰው ሲያበሉ «"ውሃ አምጡ" ስትይ የሚያመጣ የለም፤ "አንተ አምጣ" ስትይው ግን ይሮጣል» አሉኝ። ስለ አመራር ብዙ ገጽ አንብቤአለሁ። ከዚህ የበለጠ የጠቀመኝ ነገር የለም።

ጡረታ የወጡ ሲስተር ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ጎጃም ውስጥ ከጤና ጣቢያ ጤና ጣቢያ ሲዘዋወሩ የጨረሱ። አውቶቡሱ እስኪጠገን ጥላ ፍለጋ ከድንጋይ ሥር ተጠግተን ተቀመጥን። ከቦርሳቸው ጠርዙ ያለቀ ደብተር አወጡ። ስምና ስልክ ብቻ አይደለም የተጻፈበት። ከአንዱ ስም አጠገብ «ደም ባንክ፣ ሌሊትም ያነሳል»፣ ከሌላው «ጨቅላ ሕፃናት ክፍል፣ አልጋ ከሌለ እውነቱን ትናገራለች»፣ ከሌላው ደግሞ «የእባብ መድኃኒት የት እንዳለ ያውቃል» የሚል አለ። የሹመት ማዕረግ አንድም ቦታ አላየሁም። «ሰው የሚተዋወቀው ከመፈላለጉ በፊት ነው» አሉ፤ በበዓል ለእያንዳንዳቸው እንደሚደውሉም ነገሩኝ።

ከዚያ ወዲህ የሙያችንን ታሪክ ስመለከት ይኼው ደብተር ይታየኛል። ግንቦት 4 ልደቷን የምናከብርላት ፍሎረንስ ናይቲንጌል እ.ኤ.አ. በ1854 38 ነርሶች አስከትላ ወደ ስኩታሪ የጦር ሆስፒታል የዘመተችው፣ የጦር ጉዳዮች ሚኒስትሩ ሲድኒ ኸርበርት ከዓመታት በፊት የተዋወቀችው ወዳጇ ስለነበር ነው። ከዘመቻው በኋላ ታማ ከቤት ስትውልም በደብዳቤ ነው የሠራችው፤ የጻፈቻቸው ደብዳቤዎች ከ10,000 በላይ ናቸው። የእኛዋ ልዕልት ፀሐይም በስደት ለንደን ሳሉ በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ተምረው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1942 በ22 ዓመታቸው ሲያርፉ፣ የቤተሰቡ ወዳጅ ሲልቪያ ፓንክረስት እንግሊዝ አገር ገንዘብ በማሰባሰብ ደክማ፣ በስማቸው የተሠራው ሆስፒታል በ1951 አዲስ አበባ ላይ ተከፈተ። ትውውቅ ለታማሚ ሲውል እዚህ ድረስ ይሄዳል።

ስብሰባው? እኔ አዲስ አበባ ስደርስ አልቆ፣ ሠራተኞች ወንበር ይደረድሩ ነበር። የጻፍኳቸውን ጥያቄዎች የጠየቅኩት ሰው የለም።

አራተኛ ዓመት ላይ ለአመራር ኮርስ አታችመንት ወደ አንድ ወረዳ ሆስፒታል ወጣሁ። አንድ ምሽት ያለጊዜው የተወለደ ሕፃን ትንፋሹ እያጠረ ነው፤ የሚተነፍስበት መሣሪያ ያለው ሪፈራል ሆስፒታል ነው፤ የዚያ ሊያዥን (የሪፈራል አስተባባሪ) ስልክ አይነሳም። በዚህ ጊዜ የተለመደው ወረቀት ጽፎ፣ አምቡላንስ ላይ ጭኖ፣ አልጋ ይገኝ ይሆናል ብሎ መላክ ነው። ከዚያ በር ላይ «አልጋ የለም» ተብለው የሚመለሱ እናቶችን አይቻለሁ፤ እስካሁን ያናድደኛል። የክፍሉን ኃላፊ አስፈቅጄ ለሲስተር ደወልኩ። እሳቸው ለዚያች እውነት ተናጋሪ ነርስ ደወሉ። «ከአንድ ሰዓት በኋላ አንድ ቦታ ይለቀቃል፤ ስሙን ያዝኩላችሁ። ሕፃኑን ልብሱን አውልቃችሁ ከእናቱ ደረት ጋር አጣብቃችሁ አምጡት፣ እንዳይቀዘቅዝ» የሚል መልስ መጣ። እንደተባለው አደረግን። ከሳምንታት በኋላ እናቲቱ ልጇን ታቅፋ ወደ ቤቷ ስትመለስ በእኛ በኩል አለፈች።

አሁን የራሴ ደብተር አለኝ። የመጀመሪያዎቹ ስሞች የተገለበጡት ከሲስተር ደብተር ነው፤ የላቦራቶሪ ባለሙያም፣ የአምቡላንስ ሾፌርም፣ ስቶር ከፋችም አሉበት።

በየሆስፒታሉ ያላችሁ ነባር ነርሶች፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። አታችመንት የወጣ ተማሪ ስልካችሁን ሲጠይቃችሁ አትከልክሉት፤ ስትሰጡትም በየትኛው ሰዓት እንደምታነሱና በምን ልትረዱ እንደምትችሉ አብራችሁ ንገሩት።