ውሃ የገባበት ሞተር

መኪና ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው የጀልባ ሞተር ከፍቶ ሲያይ ብዙም አይደናገጥም። የእኛዋ ላይ ያለው ጄኔራል ሞተርስ ለመኪና ሲሠራው የኖረው ባለ 5.7 ሊትሩ ቪ 8 ነው፤ ካንዴላው፣ ቴስታታው፣ ሞተሪኖው የለመድነው ዓይነት ነው። ልዩነቱ ጭስ ማውጫው ላይ ነው። አሳራችንን ያየነውም እዚያው ላይ ነው።

ጀልባዋን ከባልንጀራዬ ጋር በጋራ የገዛናት ሜሪላንድ፣ አናፖሊስ አካባቢ ነው። ሻጩ ጭስ ማውጫው አዲስ መሆኑን ምሎ ነግሮናል፤ ሲያዩትም ጥቁር ቀለሙ ያብረቀርቃል። ቼሳፒክ የባሕር ወሽመጥ ላይ ጥቂት ከተንሸራሸርንባት በኋላ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ቁልፉን ሳዞር ሞተሩ «ቷ!» ብሎ ቀጥ አለ። ባልንጀራዬ ባትሪ ነው አለ። ከኋላ ተቀምጠው ቡና ይጠጡ የነበሩት ጋሼ ግን ብድግ አሉ። «ተው ልጄ! እንዳትደግመው!»

ጋሼ አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ ያረጁ መካኒክ ናቸው። ካንዴላዎቹን አንድ በአንድ አስፈቱን። በግራ በኩል ሦስተኛው ሲወጣ ጫፉ ላይ የዝገት ውሃ ተንጠልጥሏል። በጣታቸው ነክተው ቀመሱት፤ ጨው ጨው ይላል። አየር ይታመቃል፣ ውሃ ግን አይታመቅም። ፒስተኑ ወደ ላይ ሲመጣ ውሃ ከጠበቀው መሄጃ የለውም፤ በግድ ከተገፋ የሚታጠፈው ቢዬላው ነው። የዚያን ቀን ሞተሩን ያተረፈልን የእሳቸው ጩኸት ነው። ወዲያው ውሃውን አስወጥተን በየሲሊንደሩ ዘይት ጨመርንበት፤ ጨዋማ ውሃ ብረት ላይ ካደረ ዝገቱ ቀን አይሰጥም።

ውሃው ከየት መጣ? ስተርንድራይቭ የሚባለው፣ ጂም ዊን ከቮልቮ ፔንታ ጋር ሠርቶት እ.ኤ.አ. በ1959 ኒው ዮርክ ላይ ለዕይታ የቀረበው አሠራር፣ ሞተሩን ከጀልባዋ ጅራት ውስጥ ያስቀምጥና ማርሹንና መቅዘፊያውን ከውጭ ያንጠለጥላል። ሞተሩ ያለው በፋይበር ሳጥን ውስጥ ስለሆነ እንደ መኪና የጋለ ጭስ ማውጫ ቢኖረው እሳት ያስነሳል። ስለዚህ ማኒፎልድ የሚባለው የጭስ ማውጫው ክፍል ድርብ ግድግዳ አለው፤ በውስጥ እሳት የሆነ ጭስ፣ በውጭ ከባሕሩ የተሳበ ውሃ ያልፋል። ከላዩ ባለው ራይዘር ላይ ሁለቱ ይቀላቀሉና ተያይዘው ይወጣሉ። በእሳቱና በውሃው መካከል ያለው ቀልጦ በቅርጽ ከፈሰሰ ብረት የተሠራ ስስ ግድግዳ ብቻ ነው። ጨዋማ ውሃ ላይ ይህ ብረት አምስት ስድስት ዓመት ካገለገለ ግዴታውን ተወጥቷል። የጀልባ ሞተር አምራቹ መርክሩዘር ከእ.ኤ.አ. 2000ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ የውሃውንና የጭሱን መጋጠሚያ ለያይቶታል፤ በእኛዋ ላይ ግን ሁለቱን የሚለያቸው አንድ ጓርኒሲዮን ነው። እሱ ሲበላ ውሃው ቁልቁል ወደ ሲሊንደሩ ይወርዳል።

ማኒፎልዱን መፍታት ራሱን የቻለ መከራ ሆነ። ዝገት ማላቀቂያ ዘይት ረጭተን ስናሳድረው ብዙዎቹ ቡሎኖች እሺ አሉ። የኋለኛው የታችኛው ግን ቴስታታው ውስጥ እንዳለ ተቆረጠ። ጋሼ አገር ቤት ቢሆኑ ብረቱን በእሳት አግለው፣ ዳዶ በይደውበት ያወጡት ነበር። እዚህ አይቻልም። የቤንዚን ጋዝ ከአየር ይከብዳል፣ ጀልባዋ ሆድ ውስጥ ይተኛል፤ አንድ ብልጭታ ይበቃዋል። እንኳን ለብየዳ፣ ሞተር ለማስነሳትም አስቀድሞ አየር ማውጫውን ማስነሳት ግድ ነው። ጋዙ መውጣቱን አረጋግጠን፣ ወደ ግራ የሚበሳ ትራፓኖ መብሻ ፈልገን፣ ከመኻሉ በስተን ገባን። ጋሼ በጉልበታቸው ተንበርክከው፣ እኔ ባትሪ እያበራሁ፣ ከረጅም ትግል በኋላ ስብርባሪው መብሻውን ተከትሎ ዞረ። ጥርሱ አልተበላም። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ባልንጀራዬ የግራውን ብቻ እንቀይር አለ፤ ዋጋውን አስቦ ነው፣ አልፈርድበትም። ጋሼ ግን የቀኝም ካልተፈታ እጄን አላስገባም አሉ። ፈታነው። ከውጭ ቀለሙ ጫፉ አልተነካም። የውሃው መንገድ ግን በዝገት ቅርፊት ተደፍኖ ጣት አያስገባም፤ ግድግዳውን በካቻቢቴ ነካ ሲያደርጉት ብረቱ እንደ ደረቅ እንጀራ ተፈረካከሰ። አዲስ የተባለልን ይሄ ነበር። ከዚህ ወዲያ ጭስ ማውጫን በቀለሙ የሚገምት ሰው ካየሁ ዝም ብዬ አላልፍም። ዕድሜውን ይጠይቅ፤ መልስ ካላገኘ ፈትቶ ይይ።

የሁለቱንም ጎን አዲስ ማኒፎልድ፣ ራይዘርና ጓርኒሲዮን ገጠምን፤ የጎማ ቱቦዎቹን በሁለት በሁለት ፋሼታ አጠበቅን፤ የሞተሩንም ዘይት ቀየርን። ሲነሳ ጋሼ መጀመሪያ ያደረጉት ሁለቱን ራይዘሮች በመዳፋቸው መዳሰስ ነው። ሁለቱም እኩል ለብ ያሉ ናቸው፣ ውሃው በሁለቱም ይሄዳል ማለት ነው። ዞር ዞር ብለን ተመለስን፤ ሲበርድ ቡሎኖቹን እንደገና አጠበቅን። የተገጠመበትን ወርና ዓመት በነጭ ቀለም ማኒፎልዱ ላይ ጻፍኩ።

ጋሼ አሁን ዓይናቸውን የጣሉት ማርሹን ከጀልባዋ ጋር በሚያያይዘው የጎማ እጅጌ ላይ ነው። እሱ ከተቀደደ ባሕሩ የሚገባው ሲሊንደር ውስጥ ሳይሆን ጀልባዋ ውስጥ ነው። ሥንጥቅ አይተውበታል፤ አዲሱን አዝዘናል፣ ቅዳሜ እንፈታዋለን።