የእናቶች ንጽሕና ማረጋገጫ አዋጅ ቁጥር 12/30

የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ወልቂጤ የሰማህ ለቡታጅራ ንገር፤ ቡታጅራ የሰማህ ሜልበርን፣ ፉትስክሬይ ላለው ልጅህ ደውል!

የአውስትራሊያ መንግሥት የወላጅ ቪዛ የጠየቀች እናት ባለፉት 10 ዓመታት ውስጥ በድምሩ 12 ወር ወይም ከዚያ በላይ ከኖረችበት አገር ሁሉ የፖሊስ ማስረጃ እንድታመጣ የሚያዝ በመሆኑ፤

ማስረጃው የሚያገለግለው ለ12 ወር ሲሆን ብዙ ገንዘብ የማይከፈልበት የወላጅ ቪዛ ወረፋ ግን 30 ዓመት ገደማ የሚፈጅ በመሆኑ፤

ወረቀቱ ሲጎድል «አልተፈቀደም» የሚል ደብዳቤ የሚመጣ በመሆኑ፤

በጉራጌ መንደር መካከል ባለው ሰፊ መንገድ፣ በጀፎረው ሣር ላይ የተቀመጠው ሸንጎ ነገሩን እንደገና መርምሮ የሚከተለውን አውጇል።

አንቀጽ 1፦ ትርጓሜ

«ከወንጀል ነፃ» ማለት እናትን የማያውቅ ሰው መዝገብ አገላብጦ ስሟን አጣው ማለት ነው። የሚያውቋት ሰዎች ቃል አይቆጠርም። እቁብ ሰብስባ ሳንቲም አለማጉደሏን እድርተኛው ሁሉ ቢመሰክር፣ የእድሩ ማኅተም በአማርኛ ነው።

አንቀጽ 2፦ ስለ አሻራ

እናት ለፖሊስ ማስረጃው አሻራ ልትሰጥ ከወልቂጤ በሌሊት ተነሥታ፣ ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዛ አዲስ አበባ ትገባለች። ተሰልፋ፣ ተራዋ ደርሶ፣ አውራ ጣቷን ትሰጣለች። አሻራ የለም። ሌላው ጣት ይሞከራል፤ እሱም ልሙጥ ነው።

«እማማ፣ እጅዎን ይጥረጉ እስቲ።»

«ልጄ፣ እሱስ ከተጠረገ ቆየ።»

ዕድሜ ልኳን እንሰት ስትፍቅ አሻራዋ ከቆጮው ጋር ወጥቷል። ስለዚህ ለመስቀልም ሆነ ለአረፋ አገር ቤት ገብቶ የእሷን ቆጮ የበላ ሁሉ አሻራዋን በሆዱ ይዞ ሄዷልና፣ በተጠራ ጊዜ ቀርቦ ጣት እንዲሆናት ታዟል። ክትፎውን ብቻ በልቶ ቆጮውን የተወ አይመለከተውም።

አንቀጽ 3፦ ስለ ጂዳ

ጂዳ ሰው ቤት ስትሠራ ኖራ፣ በ2009 ዓ.ም. የሳዑዲ መንግሥት የመኖሪያ ፈቃድ የሌላቸው እንዲወጡ የምሕረት ጊዜ ሲሰጥ የተመለሰች እናት፣ የሳዑዲን ፖሊስ «መልካም ሴት ነበረች» አስብላ እንድትመጣ ትጠየቃለች። ውጪ ያለሽን ሰው ደጁን አንኳክተሽ ምስጋና አምጪ እንደማለት ነው። ሸንጎው እዚህ ላይ ሊስቅ ጀምሮ ተወው። ደግነቱ ማስረጃውን መጠየቅ ተገቢ ሆኖ ካልተገኘ ሊታለፍ እንደሚችል የአውስትራሊያ ደንብ ራሱ ይፈቅዳል። መሞከሯን የሚያሳይ ደብዳቤና ደረሰኝ ግን አይጣል።

አንቀጽ 4፦ ስለ ክለሳ

የቪዛው እምቢታ የመጨረሻ ቃል አይደለም። ከጥቅምት 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የቀድሞውን የይግባኝ ጉባኤ የተካው የአውስትራሊያ የአስተዳደር ክለሳ ትሪቡናል ጉዳዩን እንደ አዲስ ያያል፤ ዘግይቶ የደረሰ የፖሊስ ወረቀትም ይቀበላል። እናት አገር ቤት ሆና ከተከለከለች ክለሳውን የሚጠይቀው እዚያ ያለው ስፖንሰር ልጇ ነው። ይህን ሸንጎው በእልልታ ተቀብሏል፤ እኛም ዘንድ ለእናት የሚሟገተው ልጅ ነውና። ስለዚህ ልጅ ሆይ፣ በደብዳቤው ላይ የተጻፈው የክለሳ መጠየቂያ ቀን ሳያልፍ አንብበው፤ ማልቀሱ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

አንቀጽ 5፦ የተሻሩ ሕጎች

የተሻረ ሕግ የለም። የሸንጎው ሥልጣን ከጀፎረው ጫፍ አያልፍም።

አንቀጽ 6፦ አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ

ይህ አዋጅ ከዛሬ ጀምሮ ለ12 ወር የጸና ይሆናል። ከዚያ በኋላ አዲስ አሻራ ይዛችሁ ኑ።