ሲሄዱ ቁልቁለት፣ ሲመለሱ ዳገት

«ካርቱም እኮ ቅርብ ነው» የሚለኝን ሰው ሁሉ አንድ ቀን ሰብስቤ ማነጋገር እፈልጋለሁ። አዲስ አበባ ያለ ዘመድ በሙሉ ርቀቱን ስልኩ ላይ አይቶታል። 1,000 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በአውሮፕላን 1 ሰዓት ተኩል ቢበዛ 1 ሰዓት ከ45። ከዚህ በኋላ ለፋሲካ ያልመጣ ሰው ምን ምክንያት ይኖረዋል? «ከመገናኛ ፒያሳ ለመድረስ የሚፈጅብን ነው እኮ!»

አክስቴ ግን ትለያለች። መነጽሯን አድርጋ ቲኬቴን መረመረችው። ከቦሌ ተነሥቶ በ45 ደቂቃ ካርቱም ይገባል፤ ሲመለስ ግን 2 ሰዓት ከ45 ይፈጃል። «ምን ይገርማል? ሲሄድ ቁልቁለት፣ ሲመለስ ዳገት ነዋ!» አለች። መሳቅ አማረኝ፤ ግን ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ያልፋል፣ ካርቱም 400 እንኳ አይሞላም። ቁልቁለቱስ ቁልቁለት ነው።

ጣጣው የሰዓት ነው። ሱዳን በ1992 ሰዓቷን ወደፊት ገፍታ ከእኛ ጋር እኩል አድርጋ ነበር፤ ጥቅምት 22 ቀን 2010 ደግሞ መልሳ ጎተተችው። ቲኬቱ መነሻውንም መድረሻውንም በየአገሩ ሰዓት ይጽፋል። ይህን ላስረዳ ብዬ እኛ ጧት 1 ሰዓት ስንል ካርቱም 6 እንደሚሉ ነገርኳት፤ የ1 ሰዓቱ ልዩነት እጄ ላይ 5 ሆኖ ቁጭ አለ። «ዳገት ነው አልኩህ» ብላ ወደ ቡናዋ ዞረች።

እሷስ ትሁን። የሚያንገበግበኝ ስልኩ ነው። የሚለካው ከአስፋልት አስፋልት ነው። ካርቱም ዴም ሰፈር ሰው ቤት የምትሠራ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ (ኢቃማዋ) የተቃጠለባት፣ ቅጣቱ የተቆለለባት፣ ፓስፖርቷ አሠሪዋ መሳቢያ ውስጥ የተቆለፈባት ልጅ፣ የመውጫ ቪዛ (ኹሩጅ) ሳታስመታ ያንን 1,000 ኪሎ ሜትር በምን ትሻገረው? ሚያዝያ 7 ቀን 2015፣ በቅዳም ሥዑር፣ የካርቱም ሐበሻ ዶሮውን ገነጣጥሎ ሽንኩርቱን ሲያቁላላ ጦርነቱ ፈነዳ። አየር ማረፊያው ከተማው መሀል ነውና የመጀመሪያው ቀን ውጊያ እዚያው ላይ ሆነ። ሰው በገዳሪፍ አድርጎ፣ ያገኘው መኪና ላይ ተንጠልጥሎ ወደ መተማ ይተማል፤ ስልኩ ያለ ምንም ሀፍረት «የበረራ ጊዜ 1 ሰዓት ተኩል» ይላል። ማን ይብረር? በምን? እንዲህ ያለውን ቁጥር ሠርቶ የለቀቀ ሰው አንዲት ሌሊት ድንበሩ ጋ፣ ጋላባት ላይ ሻንጣውን ተንተርሶ ቢያድር ደስ ይለኝ ነበር።

ለነገሩ ጃንሆይም በዚህ መንገድ ተፈትነዋል። ካርቱም ወራት ተቀምጠው፣ ጥር 12 ቀን 1933 ኦሜድላ ላይ ድንበሩን ተሻገሩ፤ አዲስ አበባ የገቡት ሚያዝያ 27 ነው። 105 ቀን! ዕቃ የጫነው ግመል አብዛኛው መንገድ ላይ አለቀ። ለምን ዘገዩ ያላቸው ዘመድ ግን አልሰማሁም።

በመተማ የመጡ ሁለት ወዳጆች አሉኝ፤ ከገዳሪፍ ጋላባት ስንት ሰዓት ነው ብላችሁ እንዳትጠይቋቸው። አንዱ 3 ይላል፣ ሌላው 7፤ የመጡት ደግሞ በአንድ መኪና ነው። አንደኛው ጎማ የፈነዳበትን አይቆጥርም፤ ሌላው ሾፌሩ ሻይ የጠጣበትን ጭምር ይቆጥራል፤ እስካሁን እንደተኳረፉ ናቸው።