አፈርሳታ በእንግሊዝኛ ክፍል

የእንሴኖ ከተማ ተማሪ ዘጠነኛ ክፍል ሲገባ የሚማረው ባብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው፤ ሥነ ጽሑፍ ግን በእንግሊዝኛም አይደርሰውም። የሚደርሰው «ምንባብ» ነው፤ ራስና እግሩ ተቆርጦ፣ ከሥሩ ጥያቄ የተደረደረለት። ፈተናው ሲቀርብማ ዓለም ካደነቀው ደራሲ ይልቅ በእርሳስ የምትጠቁረው ክብ ትከበራለች።

እርግጥ ነው፣ ለወጣት የሚሆን ልብ ወለድ ከየት ይመጣል? ከሩቅ ነዋ! የጉራጌው ልጅ ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም «ዘ አፈርሳታ»ን በእንግሊዝኛ ጽፎ፣ ሃይነማን በአፍሪካ ደራስያን ተከታታይ መጻሕፍቱ ውስጥ በ1969 እ.ኤ.አ. አሳተመለት። ከዚያ ቀደም ሲል፣ በ1964 እ.ኤ.አ.፣ በቸሃ ቋንቋ የጻፈው የሺነጋ መንደር ታሪክ በቮልፍ ሌስላው ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሞ አሜሪካ ታትሟል። የአሜሪካ አንባቢ የጉራጌን መንደር ካወቀልን፣ የእንሴኖ ልጅ ምን አስቸኮለው? እሱ ጎረቤት ነው፣ በእግሩ ሄዶ ያየዋል!

በ«ዘ አፈርሳታ» ጎጆ ይቃጠላል፤ አገሬው አፈርሳታ በሚባለው ሸንጎ ተሰብስቦ አቃጣዩን ያፈላልጋል። መጽሐፉን ከክፍል ያስቀረውን ለማወቅም አፈርሳታ ቢጠራ፣ መምህሩ «ቅጂ የለም» ይላል፤ ርዕሰ መምህሩ «በጀት የለም»፤ ከበላይ ያለው «በሥርዓተ ትምህርቱ የለም»። ሦስቱም አልዋሹም፤ ስለዚህ ጥፋተኛም የለም።

የእንሴኖ ነጋዴዎች ሆይ! በርበሬ አራግፎ ከአዲስ አበባ የሚመለሰው መኪናችሁ ባዶውን ከሚመጣ፣ ለትምህርት ቤቱ አንድ ካርቶን ልብ ወለድ ይዞ ይምጣ። ጥያቄውን ከሥሩ ሌላ ሰው ይጨምርበታል፤ እሱ አይቸግርም።